ለላክላን የመረጥንለት ሱፍ

ሰባ ዓመት መርፌ የያዘች ሴት ስለ ጨርቅ ስትናገር የሚያዳምጣት ሰው በመንደራችን በግሌንፊር ጠፍቷል። ባለፈው ወር የዓመታዊው የጉልበት ጨዋታ ኮሚቴ ለመንደራችን ብረት ወርዋሪዎች አዲስ ኪልት፣ ወንዶቻችን ለጨዋታው የሚለብሱትን ሽንሽን የሱፍ ቀሚስ፣ ሊያሰፋ ተሰበሰበ። ማንም አልጠራኝም፤ ራሴን ጠርቼ ሄድኩ። በር አጠገብ አስቀምጠው ሻይ ሰጡኝ፤ አፌን እንዲይዝልኝ መሰለኝ ብስኩትም ጨመሩበት። ከከተማ የመጣው የሱቅ ልጅ በትንሽ ሚዛን ቁራጭ ጨርቅ እየመዘነ ቁጥር ይጠራል፣ እነሱ ይጽፋሉ። ተነስቼ አንዱን ቁራጭ በጭብጤ ጨምቄ ለቀቅኩት። እንደተኮራመተ ቀረ። ይሄ ዝናብ ሲነካው ጭን ላይ ይለጠፋል፣ ለወርዋሪ አይሆንም አልኳቸው። ልጁ ፈገግ ብሎ፣ እማማ የት ነው የተማሩት አለኝ።

ትምህርት ቤት የማውቀው ትንሽ ነው፤ ደብዳቤ ለመጻፍና ሰው ሲያታልለኝ ለመንቃት ይበቃኛል። ስለ ሱፍ የተማርኩት ግን በሰባት ዓመቴ፣ በእናቴ ቤት ደጃፍ፣ የድንጋይ ደረጃው ላይ ነው። የአንድ ሰው ወገብ የተከፈለበት ትምህርት ነው።

እናቴ ኪርስቲ ኪልት ሰፊ ነበረች። ሰባት ሜትር ሱፍ ሳትቆርጥ ከኋላ ሸንሽና፣ ከፊት እንደ ሽርጥ ዝርግ አድርጋ ትተወውና በእጅ ስፌት ወገቡ ላይ ትሰበስበዋለች። የእሷን ስፌት ለብሶ የተቀደደበት ሰው አልነበረም። ምስጢሩ መርፌው ላይ አይደለም፤ ጨርቅ አመራረጧ ላይ ነው። ለዳንስና ለሠርግ የሚሆነውን ለሌሎች ትተዋለች። እሷ ዘንድ የሚመጡት ጭቃ ውስጥ የሚታገሉ፣ ግንድ የሚያነሱ፣ ብረት የሚወረውሩ ናቸው። ለእነሱ የሚሆን ሱፍ ከባድ፣ ጠንካራ፣ ሲነኩት ትንሽ የሚኮሰኩስ ነው። ክሩ ረጅም መሆን አለበት። ሲጨምቁት ተፈናጥሮ ይዘረጋል፤ ሲርስ ከእግር ይርቃል እንጂ አይጣበቅም።

አባቴን ፋርካርን አይቼው አላውቅም። እኔ ገና ሆድ ውስጥ ሳለሁ ጀርመንን ሊወጋ ከጦር ክፍሉ ጋር ፈረንሳይ ተሻገረ። በሰኔ ክፍሉ ሲማረክ እሱ ከተማረኩትም ከሞቱትም ዝርዝር ታጣ። የመጣው ወረቀት የደረሰበት አልታወቀም ይላል። ለአዋቂ ሰው ይሄ ሞት ነው። ለእኔ ግን አባቴ መንገድ ላይ ነበር፤ መንገዱ ረዘመበት እንጂ።

ለመምጣቱ ማስረጃዬ ሣጥን ውስጥ ነበር። ለጨዋታ የሚለብሰው ኪልት፣ ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ፣ እናቴ ከመጋባታቸው በፊት የሰፋችለት። በየጸደዩ ታወጣውና እሾሃማው ቁጥቋጦ ላይ ዘርግታ ነፋስ ታስመታዋለች። ያን ቀን ሽንሽኑ ውስጥ ፊቴን እቀብራለሁ። የበግ ስብ፣ ጭስ፣ ከሁለቱም በታች ደግሞ የትምባሆ ሽታ አለው። አባት የሚባለው ነገር እንዲህ እንደሚሸት አወቅኩ። ሰው ልብሱን ትቶ ለዘለዓለም አይሄድም፤ በሰባት ዓመት ጭንቅላቴ የደረስኩበት ይሄ ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ሆኖት፣ በሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ላክላን ቤታችን መጣ። ቤቱ ከእኛ ፊት ለፊት ነው፣ መንገድ ብቻ ይለየናል። ከአባቴ ጋር አብረው ብረት ሲወረውሩ ያደጉ፣ አብረው የዘመቱ ናቸው። እሱ አምስት ዓመት በጀርመን ምርኮ ቆይቶ አጥንቱ ቀርቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ሚስት አገባ፣ ዶሊና የምትባል ልጅ ወለደ፣ ሥጋም አወጣ። ከክንዱ በታች የጠቀለለው አዲስ ጣቃ ሱፍ ነበር። የቤተሰቡን የልብስ ኩፖን አሟጦ ነው ያገኘው፤ ያኔ ልብስ በራሽን ነበር፣ ደህናው ሱፍ ሁሉ ወደ ውጭ አገር ይላካል። በነሐሴው ጨዋታ ሊወረውር ፈልጓል። የድሮ ኪልቱ ጦር ሜዳ ቀርቷል።

እናቴ ጣቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ዳበሰችው። ከጫፉ አንድ ክር መዝዛ በጥርሷ ያዘችና ሳበችው። ወዲያው በጠሰ። አሮጌ ልብስ ተፈትቶ እንደገና የተፈተለ ነው አለችው፤ ክሩ አጭር ነው። ላክላን ባርኔጣውን እያዟዟረ፣ ሌላ የለም ኪርስቲ፣ ይሄንንም ያገኘሁት ለምኜ ነው አላት።

እናቴ ዞር ብላ ሣጥኑን አየችው።

«ከዚያኛው ጋር አስተያይቼ ልየው፤ ያኛው ከበለጠ ፈትቼ እሰፋልሃለሁ» አለች።

«እሱ የፋርካር ነው።»

«የሚለብሰው የለም» አለችው።

ይህን የተናገረችው እንደ ማንኛውም ነገር ነው፣ ጨው አልቋል እንደሚባለው። እኔ ምድጃው ሥር የአጃ ቂጣ እየበላሁ ነበር፤ ቂጣውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ይሄ ሰውዬ የአባቴን ኪልት ሊወስድ ነው፣ ቀጥሎ ወንበሩን ይወስዳል፣ ቀጥሎ እናቴን። ሚስትና ልጅ ያለው መሆኑ አልከለከለኝም። አባቴ አንድ ቀን ጭቃ ረግጦ ይገባል፣ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ባዶ ነው። ከዚያ እንግዳ ቤት የገባ መስሎት ተመልሶ ይሄዳል።

ዛሬ ሳስበው የእናቴ ድምፅ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። ያቺ ሴት ስምንት ዓመት በአፏ ያላወጣችውን ነገር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ላክላን ገብቶት ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ ግን ያየሁት ሌባ ሹልክ ሲል ነው።

እናቴ ጨርቅ የምትፈትነው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ትወስዳለች፤ ከአባቴ ኪልት ለመጣፊያ የቀረ ቁራጭ ነበራት። ሁለቱን ወንዝ ውስጥ በድንጋይ ሥር አስራ ታሳድራለች። በማግሥቱ እርጥቡን ደረጃው ላይ ሦስት መቶ ሦስት መቶ ጊዜ መፈተግ ነው፣ እኩል ክንድ፣ እኩል ጉልበት። ሲደርቁ መስኮት ላይ ይዛ በብርሃኑ ታያቸዋለች። ብርሃን ያሳለፈው ይጣላል።

መፈተጉ የኔ ሥራ ነበር። ድምፅሽን አውጥተሽ ቁጠሪ ብላኝ እሷ ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር ስፌቷን ይዛ ተቀመጠች።

ድምፄን አውጥቼ ቆጠርኩ። ላክላን ያመጣውን የሱቅ ሱፍ አንድ ስል አንዴ፣ ሁለትና ሦስት ስል እጄን አየር ላይ አወዛወዝኩ። ሦስት መቶ ብዬ ስጨርስ መቶ ያህል ብቻ ነው የፈተግኩት፣ እሱንም እንደ ድመት እያሻሸሁ። የአባቴን ደግሞ በእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ በደረጃው የሾለ ጠርዝ ላይ። ጣቴ ደማ። ያን የሚያህል ነገር እጄ ላይ ሲበላ እያየሁ አለቀስኩ፤ የምጎዳው ቁራጩን ነው፣ የማድነው ኪልቱን ነው እያልኩ ፈተግኩት። በሕይወቴ አንድም ሥራ እንደዚያ ከልቤ አልሠራሁም።

ወደ ማታ ላይ ገና ፀሐይ ሳለ እናቴ ሁለቱን መስኮት ላይ ያዘቻቸው። የአባቴ ቁራጭ መሃሉ ላይ ሳስቶ ወንፊት ሆኗል። የሱቁ ሱፍ ለስለስ ብሎ ፀጉር አውጥቷል እንጂ ድፍን ነው። የአባቴን ቁራጭ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የሱቁን በጭብጧ ጨምቃ ለቀቀችው፤ እንደተኮራመተ መዳፏ ላይ ቀረ። እዚያ ላይ ሳለ አየችው፣ ስታየው እኔ አየኋት።

«የሱቁ ይሁን» አለች።

ሣጥኑን ዘጋችው። እኔ በደስታ ወጥቼ እስከ ወንዙ ሮጥኩ።

ሦስት ሳምንት ሰፋችው። መርፌው ላይ ክር እየሰካሁላት እዘፍን ነበር። ላክላን ሊለካ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው፣ አፏ ውስጥ እስፒል ይዛ ዙሪያውን ትዞረዋለች። እሱ ወገቡን ግራና ቀኝ አወዛወዘና ሳቀ።

«ይቀላል ኪርስቲ። ቂጤን ለሕዝብ እንዳያሳይብኝ እንጂ።»

«ቂጥህን አይተው ማን የሚደነግጥ አለ» አለችው። እስፒሎቹን ከአፏ አወጣች፣ የምትቀጥለው ነገር ያላት መስሎኝ ነበር። መልሳ ከተተቻቸው።

የጨዋታው ቀን ጧት ካፊያ ወርዶ ነበር። ሜዳው የተረገጠ ሣርና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ይሸታል፣ ባለከረጢቱ ዋሽንት ከአንድ ጫፍ ይጮኻል፣ ሥጋ ያለበት ትኩስ ኬክ በወረቀት ይሸጣል። እናቴ አልገዛችልኝም። እጄን ይዛ ቀጥታ በሁለት ምሰሶ ላይ ወደ ተጋደመው አግዳሚ እንጨት ሄደች፣ ሕዝቡን የሚያግደው ገመድ አጠገብ ቆምን።

ጨዋታው ቀላል ነው ለሚያየው። ሩብ ኩንታል የሚመዝን ባለቀለበት ብረት በአንድ እጅ ይያዛል። ወርዋሪው ጀርባውን ለአግዳሚው ሰጥቶ እግሩን ይከፍታል፣ ብረቱን በጭኖቹ መሃል ወደ ኋላ አወዛውዞ በራሱ ላይ አሳልፎ አግዳሚውን ያሻግረዋል። የኪልቱ ሽርጥ ብረቱ ሲመጣ መሸሽ አለበት፣ ብረቱ ሲወጣ መውደቅ አለበት። ከባድ ሱፍ ይህን ራሱ ያውቃል።

ላክላን ሁለት ከፍታ አለፈ። በእያንዳንዱ ውርወራ እርጥቡ ሽርጥ ጭኑ ላይ ይለጠፍበታል፣ እሱም በእጁ እያላቀቀ ይጎትተዋል። ሰዉ ይሥቃል፣ አንዱ፣ ላክላን ኧረ ሚስትህ ናት እንዴ እንዲህ የያዘችህ ብሎ ጮኸበት። እሱም ሳቀ። የእናቴ እጅ ግን እጄን እየጨመቀው መጣ። አመመኝ። እኔ እጇን በእጄ ስቤ ወደ ላይ ሳያት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

አግዳሚው ከፍ ተደረገ። ላክላን ብረቱን አንዴ አወዛወዘ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ሊለቅ ሲል ቀለበቱ ሽርጡን ይዞ ወጣ። ሸርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አጭር። ብረቱ ጉልበቱ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ከእሱ ራስ በላይ፣ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ላይ። ያ ሁሉ ሕዝብ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰበረ። እኔ ታች የተቀደደውን ጨርቅ ነበር የማየው። ቀና ስል እናቴም እዚያው ታች ታያለች። ከዚያ ሜዳ ሙሉ ሰው ዓይናቸው መሬት ላይ የነበረ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

ላክላን ሽርጡ እግሩ ላይ ተጠምጥሞበት ጎንበስ እንዳለ ብረቱ ወገቡ ላይ ወረደ።

እናቴ ገመዱን አልፋ ከሐኪሙ በፊት ደረሰች። ካፖርቷን አውልቃ ከወገቡ በታች ሸፈነችው፣ የተቀደደውን ጫፍ ሰብስባ ከጭኑ ሥር ወሸቀችው። ልጅ ሆኜ፣ እርቃኑ እንዳይታይ ብላ ነው አልኩ፣ ደግነቷን አደነቅኩ። አሁን ምን እንደሸፈነች አውቃለሁ። ኪልቱን በማግሥቱ ከቤቱ ወስዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ ደም ነክቶታል አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሣሩ ነው ያዳለጠው አለ። የጨዋታው መዝገብም እስከ ዛሬ እንደዚያ ይላል።

ላክላን አልሞተም። ዐሥራ አንድ ዓመት መስኮቱ ላይ ተቀመጠ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ፣ የእኛን በር ፊት ለፊት እያየ። ትምህርት ቤት ስወጣ እጁን ያነሳልኛል፣ ስመለስም ያነሳልኛል። አውቄብሻለሁ የሚለኝ ነበር የሚመስለኝ። በኋላ በር በኋላ በር ዞሬ ጭቃ ለጭቃ መሄድ ጀመርኩ፤ እዚያም ሆኜ ያች እጅ ጀርባዬ ላይ ትታየኛለች። ዛሬም ሰው መንገድ ማዶ እጁን ሲያነሳልኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ምስኪኑ ሰውዬ በቀን ሦስት ሰው የማያልፍበት መንገድ ላይ ተቀምጦ፣ አንዲት ልጅ ስታልፍ ደስ ብሎት ነበር። ይሄ የገባኝ ከሞተ በኋላ ነው።

እናቴ በየቅዳሜው ሾርባ ታሻግርላቸው ነበር። ሳህኑን በሩ ላይ ትሰጣለች፣ ግቢ ሲሏት አልገባችም። ሰዉ ቅድስት አላት። ለወርዋሪ ኪልት ዳግመኛ አልሰፋችም፤ ለዳንስና ለሠርግ ብቻ። ሣጥኑንም ዳግመኛ አልከፈተችም። ጸደይ መጣ፣ ጸደይ ሄደ፣ ቁጥቋጦው ላይ የሚዘረጋ አልነበረም።

ስልሳ ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ታመመች። እሑድ ከቀትር በኋላ ነበር፣ ብቻችንን ነን። ሃያ ስድስት ዓመት የያዝኩትን ይዤ ወደ መቃብሯ እንዳልሸኛት ብዬ ተናገርኩ። የአባቴን ስድስት መቶ ነው የፈተግኩት እማዬ፣ የሱቁን መቶ። እኔ ነኝ ላክላንን የሰበርኩት አልኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ ወይ ታለቅሳለች። ዓይኗን ሳትከፍት ነው የመለሰችልኝ።

«ጣት የለኝም ብለሽ ነው? መስኮቱ እኮ ክፍት ነበር።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ብዙ ቀን አልፎ ነው የተረዳሁት። ሃያ ዓመት ሱፍ የዳበሰች ሴት በልጅ ፍተጋ አትታለልም። ቁጥሬንም ሰምታለች፣ የክንዴንም ድምፅ፤ አንዱ አየር ላይ እንደዋለ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ እንደዋለ ለይታ ሰምታለች። የሚለብሰው የለም ብላ በአፏ ተናገረች፣ መቀሷን አንስታ ስፌቱን መፍታት ላይ ስትደርስ ግን እጇ እምቢ አላት። አንድ ምክንያት ያስፈልጋት ነበር። ምክንያቱን የምትሰጣት ልጅ ደረጃዋ ላይ ተንበርክካ አገኘች። አንድ ቃል ሳንነጋገር፣ እናትና ልጅ፣ ለሞተ ሰው ልብስ ብለን ቁሞ የሚሄደውን ሰው ሰጠን።

ከቀብሯ በኋላ ሣጥኑን ከፈትኩት። ብል ገብቶበታል። ሳነሳው ሽንሽኑ በእጄ ላይ እየተበተነ ወደቀ፣ የቀረው የወገቡ ስፌት ብቻ ነው። እናቴ የሰፋችው ክር ሳይበጠስ፣ የያዘው ጨርቅ ሳይኖር፣ ባዶውን እንደ ጎድን አጥንት ቆሟል። አሸተትኩት። ምንም አይሸትም።

ይሄን ሁሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እስከ ባለፈው ሐሙስ ድረስ። ሐሙስ ሐሙስ ዶሊና እንቁላል ታመጣልኛለች። የላክላን ልጅ ናት፤ ብረቱ ሲወድቅ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ አባቷን ቆሞ ያየችበት ትዝታ የላትም። ሰባ ስምንት ሞላት፣ አሁንም ስለ እናቴ ሾርባ ስታወራ ድምፅዋ ይለሰልሳል። ያን ቀን እንደገና ስታነሳው አልቻልኩም። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ከደረጃው እስከ ምድጃው አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። እጇን ዘርግታ እጄ ላይ አኖረችና ልጅ ነበርሽ ኤፊ አለችኝ። ተይው፣ ስንት ዘመን ያለፈ ነገር። ኮቷንም አነሳች።

እኔ ደግሞ ተነስቼ በሩን ዘጋሁት። ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ ግን በር መዝጋት እችላለሁ።

«ተቀመጪ» አልኳት። «ይቅር በይኝ ብዬ አልጠየቅኩሽም። እኔ ያንን ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ያየሁት ከመንገድ ማዶ ነው፣ በመስኮት። ውስጡን አንቺ ታውቂዋለሽ። ጧት ማን ያነሳው ነበር? ማን ያጥበው ነበር፣ ሕመሙ ሲብስበት ምን ይል ነበር፣ እናትሽ የት ሄዳ ታለቅስ ነበር? አንድም ቀን ሳታሳጥሪ ንገሪኝ ዶሊና። ከመጀመሪያው ጧት ጀምሪ።»